በሪሞት ለሚበር አውሮፕላንና ለሚነዳ መኪና የትኛው ድንጋይ ይሻላል?

የቴሌቪዥን ሪሞት ድንጋይ ሲጨርስ ትልቁ ጉዳት ከሶፋ ተነስቶ ቻናል መቀየር ነው። በሪሞት የሚበር አውሮፕላን አየር ላይ ሳለ በእጃችን የያዝነው ማዘዣ ድንጋይ ቢጨርስ ግን አውሮፕላኑ ትዕዛዝ ያጣና ዛፍ ላይ፣ ጣሪያ ላይ፣ ሲከፋም ሰው ላይ ይወርዳል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ የሪሞት መኪናም አደጋው ቀላል አይደለም። ሁለቱም ሪሞቶች የሚጎርሱት ግን ከሰፈር ሱቅ የሚገዛውን ያንኑ ደብል ኤ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው መጠኑ እስከገጠመ ድረስ የትኛውም ይሆናል ብሎ ያገኘውን ይከታል።

አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ለመረዳት መጀመሪያ ሪሞቶቹ ከድንጋዩ ምን እንደሚጠይቁ ማየት ያስፈልጋል።

የቴሌቪዥን ሪሞት ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ነው የሚውለው። ቁልፉ ሲነካ ለቅጽበት የኢንፍራሬድ ብርሃን ይልክና ተመልሶ ይተኛል። የግድግዳ ሰዓትም የሚፈልገው በጣም ትንሽ ኃይል ነው። ለእነዚህ ርካሹ ድንጋይ ይበቃል፤ ውድ መግዛት ብር ማባከን ነው። የመዝናኛው ሪሞት፣ ትራንስሚተር የምንለው፣ ሁለት ዘንግ ያለው ወይም ለመኪና ሲሆን ሽጉጥ የሚመስለው ዕቃ ግን ከተከፈተ ጀምሮ እስኪጠፋ ድረስ ያለማቋረጥ በሬዲዮ ሞገድ ትዕዛዝ ይልካል። ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ በ2.4 ጊጋሄርትዝ የሚሠሩ ናቸው። እንደ ሞዴላቸውና እንደ ስክሪናቸው መብራት ከ100 እስከ 200 ሚሊአምፒር ገደማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይስባሉ፤ ይህም ዕረፍት የሌለው ሥራ ነው።

አንድ የታወቀ ምሳሌ ልውሰድ። ፍላይስካይ ኤፍኤስ-አይ6 የተባለው የቻይና ትራንስሚተር በጀማሪዎች እጅ በብዛት የሚገኝ ነው። አራት ደብል ኤ ይወስዳል። አራቱ በተርታ ስለሚያያዙ ቮልታቸው ይደመራል፤ እያንዳንዱ 1.5 ከሆነ ድምሩ 6 ቮልት ነው። ድምሩ ወደ 4.2 ቮልት ሲወርድ ትራንስሚተሩ መጮህ ይጀምራል። 4.2 ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ድንጋይ 1.05 ቮልት ይደርሰዋል ማለት ነው። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ ጩኸቱ ከተሰማ በኋላ ድንጋዩ አውሮፕላኑን መልሶ ለማሳረፍ የሚበቃ ጊዜ ይሰጠናል ወይስ አይሰጠንም? ለመዝናኛ ሪሞት ድንጋይ ሲመረጥ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ድንጋዩ እንዴት እንደሚያልቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ መጠን፣ አራት ዓይነት

ደብል ኤ የመጠን ስም ብቻ ነው። ቁመቱ 50 ሚሊሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ ደግሞ 14 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። በውስጡ ያለውን ኬሚካል የሚናገረው በድንጋዩ ገላ ላይ በትንሹ የታተመው ኮድ ነው። አር6 ብቻ የሚል ከሆነ ዚንክ ካርቦን ነው። ኤልአር6 የሚለው አልካላይን ነው። ኤችአር6 ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ሲሆን፣ ኤፍአር6 ደግሞ አንዴ ብቻ የሚያገለግል ሊቲየም ነው። ለትሪፕል ኤ በ6 ፋንታ 03 ይጻፋል። ከማሸጊያው ሥዕልና ከትልልቁ ጽሑፍ ይልቅ ይህችን ኮድ ማንበብ የለመደ ሰው ሱቅ ውስጥ አይሳሳትም።

ዚንክ ካርቦን መሠረቱ ፈረንሳዊው ዦርዥ ሌክላንሼ በ1866 የሠራው ባትሪ ነው። ዛሬም በየሱቁ በርካሽ የሚሸጠው ይኸው ነው፤ ብዙ ጊዜ "ሄቪ ዲዩቲ" የሚል ጽሑፍ አለበት። ጽሑፉ ከባድ ሥራ የሚችል ያስመስለዋል እንጂ ከአራቱ ደካማው እሱ ነው። ደብል ኤው የሚይዘው ከ400 እስከ 1000 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ነው (ሚሊአምፒር ሰዓት ድንጋይ የሚይዘው ኃይል የሚለካበት ነው)፤ በዚያ ላይ ያለማቋረጥ ሲሳብ ቮልቱ ቶሎ ይወርድና ሲያርፍ ደግሞ ትንሽ ያገግማል። ለሬዲዮ የሚሆን ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም በጥርስ ነከስ ማድረግ በአገራችን የተለመደ ዘዴ ነው። ሙቀት በውስጡ ያለውን የኬሚካል ሥራ ስለሚያፈጥነው በፀሐይ የሞቀ ድንጋይ ለጥቂት ጊዜ ነቃ ማለቱ እውነት ነው። የተጨመረ ኃይል ግን የለም፤ ቆርቆሮው ሲጎዳም የውስጡ ኬሚካል ይወጣል። እንዲህ ያለ ድንጋይ መሬት ላይ ለተቀመጠ ሬዲዮ ይሁን፤ አየር ላይ ላለ ነገር ግን በፍጹም። ዚንክ ካርቦንን ለመዝናኛ ሪሞት ጨርሶ አትጠቀሙ።

አልካላይን በ1950ዎቹ ኤቨሬዲ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ካናዳዊው ሉዊስ ኡሪ ለገበያ የሚሆን አድርጎ ያዘጋጀው ነው። በትራንስሚተር ውስጥ 2000 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ በዓመት የሚያጣው ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ብቻ ነው።

ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ላይ 1.2 ቮልት ተብሎ ስለሚጻፍ ብዙ ሰው "ከ1.5 ያንሳል፣ ለሪሞቴ አይበቃም" ብሎ ይተወዋል። ይህ ስህተት መታረም አለበት። አልካላይን 1.5 ቮልት የሚሆነው አዲስ ሳለ ብቻ ነው። ሥራ ከጀመረ በኋላ ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ ዕድሜው ሲጋመስ 1.2 ወይም 1.25 አካባቢ ይደርስና የቀረውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው የሚሠራው። ኒኬሉ ግን ከቻርጀር ሲወጣ 1.4 ቮልት ገደማ ይሆንና ወዲያው ወደ 1.3 ወርዶ አብዛኛውን ዕድሜውን በ1.2 እና በ1.3 መካከል ያሳልፋል። ስለዚህ በአማካይ ሲታይ አንዱ ከሌላው ብዙም አይበልጥም። አልካላይንን ችሎ እስከ መጨረሻው የሚሠራ ትራንስሚተር ኒኬሉንም ይችላል።

የድሮው ኒኬል ሌላ ችግር ነበረበት፤ ቻርጅ ተደርጎ ቢቀመጥ በወር ከመቶ 20 እስከ 30 እጁን ራሱ ያጣ ነበር። ቅዳሜ ለመጫወት ሲነሱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። በ2005 የጃፓኑ ሳንዮ ኤኔሉፕ የተባለውን አውጥቶ ይህን ለወጠ። በኋላ ሳንዮን ፓናሶኒክ ገዛው፤ ድንጋዩ ዛሬም በዚሁ ስም ይሸጣል። ይህን የመሰሉት፣ ሌሎች ኩባንያዎችም የሚሠሯቸው፣ አንድ ዓመት ተቀምጠው እንኳ አብዛኛው ኃይላቸው አብሯቸው ይቆያል። ማሸጊያቸው ላይ ቻርጅ ተደርጎ የተዘጋጀ የሚል ጽሑፍ መኖሩ ጥሩ ምልክት ነው።

አራተኛው፣ አንዴ ብቻ የሚሠራው ሊቲየም፣ ክብደቱ 15 ግራም ገደማ ብቻ ሲሆን 3000 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ይይዛል። ብርድ አይበግረውም፤ ለዓመታት ቢቀመጥም ይሠራል። ዋጋው ውድ ነው፤ ቻርጅ ሊደረግም አይችልም።

እንዴት ነው የሚያልቁት?

አልካላይን የሚያልቀው ጋዙ እያለቀ እንዳለ ኩራዝ ነው፤ እየደከመ፣ እየደከመ ይሄዳል። የትራንስሚተሩ ስክሪን ላይ ያለውን ቁጥር የሚከታተል ሰው 5.6፣ 5.2፣ 4.9 እያለ ሲወርድ ያያል። ጩኸቱ ሲመጣ ድንገተኛ አይሆንም፤ ከጩኸቱ በኋላም ለማሳረፍ የሚበቃ ጊዜ ይኖራል።

ኒኬሉ ሌላ ጠባይ አለው። ለሰዓታት 5 ቮልት አካባቢ ቆሞ ምንም ያለቀ አይመስልም። እያንዳንዱ ድንጋይ ከ1.1 ቮልት በታች መውረድ ሲጀምር ግን የቀረው ጥቂት ነው፤ ከዚያ ቁልቁል ነው የሚሄደው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን ማስተካከል በሚቻልባቸው ትራንስሚተሮች ላይ ለኒኬል በአንድ ድንጋይ 1.1 ቮልት ሒሳብ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ለአራት ድንጋይ 4.4፣ ለስምንት ድንጋይ 8.8። ማስተካከያ የሌለው ከሆነ ደግሞ ጩኸቱን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ትእዛዝ መቁጠር ይገባል፤ በተሰማበት ቅጽበት ማሳረፍ። "አንድ ዙር ልጨምር" የሚባለው ከአልካላይን ጋር ምናልባት ያስኬድ ይሆናል፤ ከኒኬል ጋር አያስኬድም።

አንዴ የሚሠራው ሊቲየምም እስከ መጨረሻው 1.4 እና 1.5 አካባቢ ቆሞ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ለአልካላይን የተሠራ ማስጠንቀቂያ ዘግይቶ ነው የሚያየው። እሱን የሚጠቀም ሰው ማስጠንቀቂያውን ከፍ ማድረግና በሰዓት መቁጠሪያ መመራት አለበት።

አሁን ወደ አሳሳቢው ልምጣ። በቅርብ ዓመታት በዩኤስቢ ገመድ ቻርጅ የሚደረግ፣ ላዩ ላይ 1.5 ቮልት የተጻፈበት ደብል ኤ ሊቲየም ገበያውን ሞልቶታል። ውስጡ ያለው 3.7 ቮልት የሆነ ትንሽ የሊቲየም አዮን ባትሪ ነው፤ አንዲት ትንሽ ሰርኪዩት ወደ 1.5 ትቀንሰዋለች። ለካሜራ መብራት ወይም ለልጆች መጫወቻ መልካም ነው። ለትራንስሚተር ግን አልመክረውም። ምክንያቱም ሰርኪዩቷ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው 1.5 ቮልት ታሳያለች፤ የውስጡ ባትሪ ባዶ ሲሆን ደግሞ ራሷን ትዘጋለች። ትራንስሚተሩ 6 ቮልት ሙሉ ነው እያለ በሚቀጥለው ሰከንድ ይጠፋል። ጩኸት የለም፤ ማስጠንቀቂያ የለም። አራቱ በተርታ ስለሆኑ አንዷ ብቻ ብትዘጋ ሁሉም ይቋረጣል። አንዳንድ ዓይነቶች ሊያልቁ ሲሉ ሆን ብለው ወደ 1.1 ቮልት ዝቅ ይላሉ፤ እነዚያ የተሻሉ ናቸው፤ ግን ከማሸጊያቸው ብቻ ይህን መለየት አስቸጋሪ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። 14500 የሚባል የሊቲየም አዮን ባትሪ ቁመቱም ውፍረቱም ከደብል ኤ ጋር ስለሚመሳሰል በአራቱም ቦታ ልክክ ብሎ ይገባል። ቮልቱ ግን 3.7 ነው፤ ቻርጁ ሲሞላ 4.2። አራቱ ሲደመሩ 16.8 ቮልት ሆነ ማለት ነው፤ ለ6 ቮልት በተሠራ ዕቃ ውስጥ! ትራንስሚተሩን በአንድ ጊዜ ሊያቃጥለው ይችላል። የእጅ ባትሪ ውስጥ የነበረን ድንጋይ አውጥታችሁ ሪሞት ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ቁጥሩን አንብቡ። 3.7 የሚል ካያችሁ አታስገቡ።

እኔ የምመርጠው

በየጊዜው ለሚጫወት ሰው መልሱ ግልጽ ነው፤ ሳይነካ ሲቀመጥ ኃይሉን የማያጣው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ፣ 2000 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ የሚይዘው። ሒሳቡን እንየው። ትራንስሚተሩ 150 ሚሊአምፒር ቢስብ አንድ ሙሌት 13 ሰዓት ገደማ ያሠራል። በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት የሚጫወት ሰው በዓመት 104 ሰዓት ይሞላዋል። በአልካላይን ይህ 8 ጊዜ አራት አራት፣ ማለትም 32 የሚጣል ድንጋይ ነው። በኒኬል ያው አራት ድንጋይ ለዓመታት ያገለግላል።

2500 የሚል ቁጥር ያለው ስላለ እሱ አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ብዙ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ዕድሜው አጭር ነው። ኤኔሉፕን ብንወስድ አምራቹ ራሱ ለመደበኛው እስከ 2100 ጊዜ፣ ለባለ 2500ው ደግሞ እስከ 500 ጊዜ ቻርጅ ይደረጋል ይላል። ትራንስሚተር ከ13 ሰዓት በላይ በአንድ ሙሌት መሥራት አያስፈልገውም፤ መደበኛው ይበቃል።

በወር አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ለሚጫወት፣ ወይም ቻርጀር ለሌለው፣ ጥሩ አልካላይን በቂ ነው፤ ከጨዋታ በኋላ ከሪሞቱ አውጥቶ ማስቀመጥን ሳይረሳ። ኒኬል የያዘም ሰው ቢሆን በቦርሳው ውስጥ ያልተከፈተ አራት አልካላይን ቢኖረው መልካም ነው፤ ሜዳ ላይ መብራት የለም።

ባለ አራት ማዕዘኑ 9 ቮልት የሚያስገቡ የቆዩ መጫወቻ ሪሞቶችም አሉ። ያ ድንጋይ በውስጡ ስድስት ትንንሽ ድንጋዮች የተደረደሩበት ስለሆነ አልካላይኑ እንኳ የሚይዘው 500 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ነው። በዋጋው ልክ ኃይል አይሰጥም፤ ሌላ ምርጫ ስለሌለ ብቻ አልካላይኑን ግዙና ትርፍ ያዙ።

አሮጌና አዲስ መቀላቀል ለምን ይከለከላል?

"ሁለቱ ገና ናቸው፣ ሁለቱን ብቻ ልቀይር" የሚለው ቁጠባ ዕቃ ያጠፋል። በተርታ በተያያዙ ድንጋዮች ውስጥ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ፍሰት በሁሉም ውስጥ ያልፋል። ደካማው ቀድሞ ባዶ ይሆናል፤ ሦስቱ ጠንካሮች ግን ፍሰቱን በእሱ ውስጥ መግፋታቸውን አያቆሙም። ባዶው ድንጋይ ወደ ዜሮ ይወርድና ከዚያም አልፎ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ይገለበጣል። በዚህ ጊዜ ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፤ ግፊቱ ማሸጊያውን ይከፍትና ፈሳሹ ይወጣል። አልካላይንን ከኒኬል መቀላቀልም፣ የአንድ ኩባንያን ከሌላ ኩባንያ መቀላቀልም ውጤቱ ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል። አራቱ ሁልጊዜ አብረው የተገዙ፣ አብረው ቻርጅ የሚደረጉ፣ አብረው የሚገቡ ይሁኑ። በማርከር አንድ ዓይነት ምልክት ብታደርጉባቸው ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀሉም።

የፈሰሰ አልካላይን በሞላው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይተዋል። የፈሰሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ከአየር ጋር ሲገናኝ ወደ ነጩ ዱቄት ይለወጣል። በባዶ እጅ አትንኩት። በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ጫፍ ትንሽ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ነክሮ ሞላውንና መዳቡን ማሸት ያጸዳዋል፤ ቀጥሎ ንጹሕ ውኃ በነካ ጥጥ፣ በመጨረሻም በአልኮል ጠርጎ በደንብ ማድረቅ። ፈሳሹ ወደ ውስጥ ሰርኪዩቱ ከገባ ግን ማዳኑ ከባድ ነው። ሪሞት ከሁለት ሳምንት በላይ የማይነካ ከሆነ ድንጋዩን አውጡ። የገልፍ አገሮችን በጋ ለሚያውቁ ደግሞ ይህ የበለጠ ይመለከታቸዋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ድንጋይን ቶሎ ያስረጃል፣ ያስፈስሳልም። ሪሞቱን ከነድንጋዩ መኪና ውስጥ ትታችሁ አትሂዱ።

ብርድም በተቃራኒው የራሱ ችግር አለው። በአልካላይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ውኃ ያለበት ስለሆነ ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድ ኃይል የመስጠት አቅሙ በጣም ይቀንሳል። በሚኒሶታ ወይም በስዊድን ክረምት ውጭ ወጥቶ ለሚጫወት ወገን ኒኬሉ ከአልካላይን ይሻላል፤ አንዴ የሚሠራው ሊቲየም ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ድንጋዮቹን እስከ መጨረሻው ደቂቃ በውስጥ ኪስ መያዝም ይረዳል።

ተቀባዩ በኩል ያለው ድንጋይ

እስካሁን ያወራነው በእጃችን ስለምንይዘው ነው። በነዳጅ በሚሠሩ የሪሞት መኪናዎችና ሞተር በሌላቸው ተንሸራታች አውሮፕላኖች ላይ ግን በሌላው በኩልም፣ በዕቃው ውስጥ፣ አራት ደብል ኤ የሚይዝ ሳጥን ብዙ ጊዜ ይገኛል። ትዕዛዙን የሚቀበለውን ሪሲቨርና መሪውን የሚያዞሩትን ሰርቮ የተባሉ ትንንሽ ሞተሮች የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። እዚህ ላይ በአልካላይንና በኒኬል መካከል ያለው ልዩነት ከትራንስሚተሩም የሰፋ ነው።

ሰርቮ ዝም ብሎ ሲቆም ብዙ አይስብም። ጎማው ድንጋይ ላይ ተደግፎ ሰርቮው ሲታገል ግን አንዱ ብቻ 1 አምፒር ገደማ ሊስብ ይችላል፤ ሁለት ሰርቮ ካለ 2 አምፒር። አዲስ አልካላይን የውስጥ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ፍሰቱን ከውስጥ የሚያግደው ነገር፣ ከ0.15 እስከ 0.3 ኦም ነው። ለአራቱ ከ0.6 እስከ 1.2 ኦም ይሆናል። በ2 አምፒር ስናባዛው ከ1.2 እስከ 2.4 ቮልት እዚያው ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል። 6 ቮልት የነበረው ለሪሲቨሩ 4.8፣ ሲከፋ 3.6 ሆኖ ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ይህም ድንጋዩ አዲስ ሳለ ነው። ብዙ ሪሲቨሮች 3.5 ቮልት አካባቢ ሲደርሱ ይጠፉና እንደገና ይነሳሉ። እስኪነሱ ድረስ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ግን መኪናው በዚያ መካከል ማንም የማያዘው ዕቃ ነው።

የኒኬል የውስጥ ሬዚስታንስ ግን 0.03 ኦም ገደማ ነው። ለአራቱ 0.12፤ በ2 አምፒር የሚጠፋው 0.24 ቮልት ብቻ። 5 ቮልት የነበረው 4.76 ሆኖ ይደርሳል። በወረቀት ላይ ቮልቱ ያነሰ የሚመስለው ድንጋይ ሥራ ላይ ሲውል በልጦ ተገኘ። ስለዚህ በሪሲቨር በኩል አልካላይን አታስገቡ። ከተቻለ ደግሞ በሞላ የሚይዘው የፕላስቲክ ሳጥን ቀርቶ አምስቱ ወይም አራቱ ኒኬሎች በብየዳ የተያያዙበትን ፓክ መግዛት ይሻላል፤ መኪና ሲዘል ሞላ ለቅጽበት ሊለቅ ይችላል፣ ብየዳ ግን አይለቅም።

ቻርጀር፣ ግዢና ማረጋገጫ

ጥሩ ኒኬል በመጥፎ ቻርጀር ይሞታል። ርካሾቹ ቻርጀሮች ድንጋዮቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው በሰዓት ቆጥረው ይሞላሉ፤ አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ግማሽ ቢሆን አያውቁም። የሚፈለገው እያንዳንዱን ለብቻው የሚመለከትና ሲሞላ ራሱ የሚያቆም ነው። ለእያንዳንዱ ድንጋይ የራሱ መብራት ወይም ቁጥር ካለው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው፤ ሦስት ብቻ አስገብታችሁ ከሠራም ለየብቻ እንደሚሞላ ታውቃላችሁ። ከአሜሪካ የሚላክላችሁ ከሆነ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለ120 ብቻ የተሠራ ቻርጀር በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ከመኪና 12 ቮልት ወይም ከፓወር ባንክ የሚሠራ ቻርጀር ትልቅ እፎይታ ነው።

አንዳንድ ትራንስሚተሮች በጎናቸው የቻርጅ ቀዳዳ አላቸው። አልካላይን ገብቶ ሳለ እዚያ ቻርጀር መሰካት አደገኛ ነው፤ ቻርጅ የማይደረግ ድንጋይ በግድ ሲሞላ ይፈሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

ስትገዙ በእጅ መዝኑት። ደብል ኤ አልካላይን 23 ግራም ገደማ ነው፤ ኒኬሉ ከ26 እስከ 30 ግራም፤ ዚንክ ካርቦን ከ20 በታች። አልካላይን ተብሎ የቀለለ ነገር ከቀረበላችሁ ተጠራጠሩ። ከ3000 ሚሊአምፒር ሰዓት በላይ ይይዛል የሚል ደብል ኤ ኒኬልም አትግዙ፤ ዕውቅ አምራቾች እንኳ እዚያ አይደርሱም።

ያለቀና ያላለቀ አልካላይንን ለመለየት ከትንሽ ከፍታ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መንጠሩን ማየት የታወቀ ዘዴ ነው። በውስጡ ያለው ዚንክ ሲሠራ ወደ ዚንክ ኦክሳይድ ስለሚለወጥና ስለሚያያዝ ያገለገለው የበለጠ ይነጥራል። ነገር ግን የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳሳዩት መንጠሩ ድንጋዩ ግማሽ ገደማ ሲያገለግል ከፍተኛው ላይ ደርሶ ከዚያ በኋላ አይጨምርም። ስለዚህ የሚነጥር ድንጋይ አዲስ አይደለም ማለት እንጂ አልቋል ማለት አይደለም። ቮልት መለኪያ (ቴስተር) ያለው ሰውም ድንጋዩን ብቻውን ሲለካ የሚያየው ቁጥር ያታልላል፤ ሥራ ላይ ሳለ፣ ማለትም ትራንስሚተሩ በርቶ ሳለ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ነው እውነተኛው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ድንጋይ ሊያልቅ፣ ሞላ ሊለቅ ይችላል። ለዚያ ነው ፌልሴፍ የሚባለው ቅንብር የተፈጠረው፤ ሪሲቨሩ ትዕዛዝ ሲያጣ ሞተሩን እንዲያጠፋ የሚነግረው እሱ ነው። በብዙ ርካሽ ሪሞቶች ላይ ባለቤቱ ራሱ ካላስተካከለው አይሠራም። ፍተሻው ቀላል ነው፦ የአውሮፕላኑን ፕሮፔለር ፍቱ፤ መኪና ከሆነ ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ በሳጥን ላይ አስቀምጡት። ሞተሩን በትንሹ አሽከርክሩና ትራንስሚተሩን አጥፉ። ሞተሩ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ከቆመ ጥሩ ነው። መሽከርከሩን ከቀጠለ ግን ያ ቅንብር እስኪስተካከል ድረስ ዕቃውን ሜዳ አታውጡት፤ የገባው ድንጋይ ምንም ያህል አዲስ ቢሆን።